አብጣ ሳለ «ወፈረች» ያልኳት

በድሬዳዋ ገጠር፣ ዋሂል ላይ አንዲትን እናት «ልጅሽ ወፍራለች፣ እሰይ!» ብያታለሁ። ልጅቷ ግን አልወፈረችም፤ አብጣ ነበር።

ያኔ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ለመለየት በወጣ ቡድን ውስጥ ክንድ ለኪ ነበርኩ። ቴፑ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። የዚህች ልጅ ክንድ አረንጓዴው ላይ አረፈ። ጉንጯ ሞልቷል፣ እግሯ ድቡልቡል ብሏል። ከክንዱ ቀጥሎ፣ የምግብ እጥረት ያመጣው እብጠት እንዳለ ለማወቅ፣ የሁለቱን እግሮች ጀርባ በአውራ ጣት ተጭኖ ማየት የሥራችን ግማሽ ነበር። ሰልፉ ረጅም፣ ፀሐዩም የድሬ ፀሐይ ነበርና ዘለልኩት።

እናትየዋ ግን ፊቷ አልተፈታም። «አትበላም፣ አትጫወትም፣ ስነካት ታለቅሳለች። ይሄ ሥጋ አይደለም» አለችኝ በኦሮምኛ። ድሬ ያደገ ሰው ኦሮምኛ አያጣምና ቃሉ ገብቶኛል፤ ነገሬ ብዬ ግን አልሰማኋትም። ሳቅኩ። እኔ ስስቅ ሰልፈኞቹም ሳቁ፤ አንዷማ «እኛ የምንመኘውን አንቺ ታማርሪያለሽ!» አለቻት። ሴትዮዋ አፍራ ልጇን አቅፋ ሄደች።

ዓይኔን ያስለመደው ያደግኩበት ከተማ ነው። በከዚራ ሰፈርም ሆነ በመጋላ፣ ሥጋ ያወጣ ሰው «ተመችቶሃል» ይባላል፤ የከሳ «ምን ነካህ?» ይባላል። ኤች አይ ቪ በበረታባቸው ዓመታት በክሳቱ ብቻ ስንቱ ታምቷል! ውፍረትን የሚያከብረው የድሬ ሰው ብቻ አይደለም፤ ደቡብ ኦሞ የቦዲ ወንዶች ለወራት ተነጥለው ወተትና ደም እየጠጡ ይወፍሩና በበዓላቸው ቀን ይወዳደራሉ።

ባለሙያዎቹም ቢሆኑ አንድ ልክ የላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል 25 የደረሰን አዋቂ ከልክ በላይ ከባድ ይለዋል፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ግን ለብዙ የእስያ ሕዝቦች ጥንቃቄው ከ23 እንዲጀምር ተመከረ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናትም፣ የአርብቶ አደር ልጆች እግራቸው ስለሚረዝም ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው መለኪያ ከክንዱ ይልቅ ብዙዎቹን «የተጎዱ» እንደሚያደርጋቸው አሳይቷል።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት በኋላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ማመካኛ ስፈልግ። መለኪያም ይሳሳታል ብዬ ልጽናና ነበር። ቴፑ ግን አልተሳሳተም፤ የለካው ክንድ ነው። እግሯን ማየት የኔ ሥራ ነበር፣ እናቷን መስማትም እንዲሁ።

ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነች በኋላ የልጅቷን እግር ተጭና ስርጉዱን ያየችው። ልጅቷ ሆስፒታል ተኝታ ዳነች። እስከዚያ ድረስ ያለ ሕክምና የቆየችባቸው ቀናት ግን በኔ ላይ የሚቆጠሩ ናቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ እናትየዋ «ነግሬህ ነበር» ብቻ አለችኝ። እውነቷን ነው።

ልጃችሁ ምግብ እየጠላ፣ እየተነጫነጨ «ከወፈረባችሁ» የሁለቱን እግሮች ጀርባ በአውራ ጣታችሁ ለ3 ሰከንድ ተጫኑ። ጣታችሁ ሲነሣ በሁለቱም ላይ ስርጉድ ከቀረ፣ ክንዱ አረንጓዴ ቢሆንም፣ ጎረቤት «እሰይ» ቢላችሁም፣ በዕለቱ ጤና ጣቢያ አድርሱት።