ቢጫ እግር፣ ቀይ እግር

የቆቅ ፎቶ ለምትልኩልኝ ወዳጆች፦ እባካችሁ እግሩን አትቁረጡብኝ። የኤርክል ቆቅና ማጅራተ ቡኒው ቆቅ ፊታቸው ይቀራረባል፤ የሁለቱም ግንባር ጥቁር፣ አናታቸውም ወደ ቡኒ የሚያደላ ነው። እግር ካየሁ ግን አበቃ። ኤርክል እግሩ ቢጫ፣ ምንቃሩ ጥቁር ነው፤ የማጅራተ ቡኒው እግሩም ምንቃሩም ቀይ።

ሁለቱም ደገኞች ናቸው። ኤርክል ገደል ይወዳል። ማለዳ ደብረ ሊባኖስ የደረሰ ሰው ድምፁን ሳይሰማ አይቀርም፤ እንደ ሰው ሳቅ ይጀምርና እየፈጠነ ይወርዳል። ማጅራተ ቡኒውን ለማየት የሚቀለው ባሌ፣ ዲንሾ ነው፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ሰው ከቁብ ሳይቆጥር ይለቅማል። እኛ ንቁና ድንጉጡን ሰው «ቆቅ ነው» እንላለን፤ የዲንሾዎቹ የዘመዶቻቸውን ስም ያሰድባሉ።

የቆቆች ዕጣ ደግሞ ይገርማል። ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አገራችንን ዞሮ ከሰበሰባቸው ወፎች አንዱን በረዳቱ በኤርክል ስም ጠራው። ያው ወፍ እ.ኤ.አ. በ1957 ሃዋይ ተወስዶ ለአዳኞች ተለቀቀ፤ ዛሬ እዚያ ተራብቶ ይታደናል። የቅርብ ዘመዱ የጅቡቲ ቆቅ ግን የጎዳ ተራሮች ላይ፣ ደይ በሚባለው ጫካ፣ ጥዱ እየደረቀበት ከምድር ሊጠፋ ተቃርቧል። አንዱን ባዕድ ደሴት ተቀበለው፣ ሌላው በገዛ አገሩ መጠጊያ አጣ።

ቡራዩ ላይ ሆኜ የማስበው ይህንን ነው። ቆቅ ሩቅ አይበርም፤ ይሮጣል፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ይሸጎጣል፣ እንቁላሉንም መሬት ላይ ይጥላል። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ ከሥሩ ብዙ ነገር አያበቅልም። ከገፈርሳ ግድብ ዳር ቆሞ ዳገቱን እያየ «ደን ሞልቷል» የሚል አይጠፋም፤ ለቆቅ ግን ከአስፋልት ብዙም አይሻልም (ትንሽ ማጋነኔን እዩልኝ)። ደን ካላችሁ ወጨጫ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ጥድና ዝግባ ነው፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል።

በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ ጥሩ ነው። እኔ የምለው፣ ከችግኙ ጎን የበቀለውን አጋምና ቀጋ አትመንጥሩት።