ደብረ ታቦር፦ የቀድሞዋን መናገሻ ለሚጎበኝ

ደብረ ታቦር ከጉና ተራራ በታች የተቆረቆረች የደቡብ ጎንደር ከተማ ናት። ቆርቋሪዋ የየጁው ራስ ጉግሣ ሲሆኑ፣ የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ራስ ዓሊም መቀመጫቸው አድርገዋታል። በሰኔ 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል ነሡ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላም ከተማዋ መናገሻቸው ሆነች።

ጎብኚ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘውን ጋፋትን ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራው እዚያ ነው። የንጉሡን ትእዛዝ የተቀበሉት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ነሐሱን አቅልጠው በቅርጽ አፈሰሱት። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲያቀኑ መድፉ በሰው ጉልበት ተጎተተ፤ በገደሉ ሁሉ መንገድ እየተጠረገ ጉዞው ወራት ፈጀ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው፤ ዋናው መቅደላ ቀርቷል። የዚህን ያህል ታሪክ የተሸከመ ቦታ ከዛሬው የበለጠ ጥበቃና ጎብኚ ይገባዋል።

ከተማዋ ከቃጠሎው አገግማለች፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በአቅራቢያዋ ሰመራ ላይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ከባሕር ዳር በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ደጋ ስለሆነች ጋቢ ወይም ወፍራም ልብስ መያዝ ያሻል። ክረምቱን የማይፈራ ጎብኚ ደግሞ ነሐሴ 13 ቀን ቢደርስ፣ ስሟን የሚጋራውን የደብረ ታቦርን በዓል፣ ቡሄን፣ ከነጅራፉና ከነችቦው ያገኛል።