«አለብኝ»

አማርኛችን ግዴታን ጫንቃ ላይ ይጭነዋል። «መሄድ አለብኝ» ባይና «ዕዳ አለብኝ» ባይ ቃላቸው አንድ ነው፤ ባንክ መስኮት ላይ የሚውል ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ኮሪያኛ ግን ሸክም አይጠራም፦ «ጋያ ድዌዮ» ማለት ቃል በቃል «ከሄድኩ ብቻ ይሆናል» ነው።

ሐሳብን በሚገልጹት የግስ መድረሻዎች ደግሞ ቋንቋው ይራቀቃል። «ጋልሌዮ» ያለ የራሱን ፍላጎት ብቻ ተናገረ። «ጋሪዮጎ ሄዮ» ያለ ዕቅዱን ገለጠ እንጂ ለማንም ተስፋ አልሰጠም። «ጋልኬዮ» ያለ ግን ለሰሚው ቃል ገባ፤ ይህ መድረሻ ለ«እኔ» እና ለ«እኛ» ብቻ የተሰጠ ነው፤ ስለ ሌላ ሰው ቃል መግባት አይቻልምና። (ወደ ሰሚው ዘንድ መምጣትንም ኮሪያኛ «መሄድ» ይለዋል።) የእኛ «እመጣለሁ» ሁሉንም ያጠቃልላል፤ አንዳንዴም ይደብቃል።

ይህን ሁሉ በስልክ ያስተማረችኝ ሴኡል የምትኖረው እኅቴ ናት። ከሄደች ሰባት ዓመት ሆናት። እናታችን ዓይኗ እየደከመ ነው፤ «መቼ ትመጣለች?» ትለኛለች። ባለፈው እሑድ ጥያቄውን ለእኅቴ በኮሪያኛ አቀረብኩላት። ጥቂት ዝም አለችና «ጋሪዮጎ ሄዮ» አለችኝ።

እናታችን አጠገቤ ነበረች። «ምን አለች?» ስትለኝ «እመጣለሁ ብላለች» ብዬ ተረጎምኩላት።