ረቡዕ ከሰዓት በሻርሎይስ

ሮተርዳም በወንዝ ለሁለት የተከፈለ ከተማ ነው። ከወንዙ በስተደቡብ፣ ከወደቡ አጠገብ፣ ሻርሎይስ የሚባል አካባቢ አለ። ስሙን ያገኘው ኋላ የቡርገንዲ መስፍን ከሆነው ከሻርል ደፋሩ ነው፤ እሱ በወጣትነቱ የሻሮሌ ገዥ ይባል ነበር። ሻርሎይስ እስከ 1895 ድረስ ራሱን የቻለ መንደር ነበር፤ በዚያ ዓመት ከሮተርዳም ጋር ተቀላቀለ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በአንድ መንገድ ላይ ደች፣ ቱርክኛ፣ ፖላንድኛና ሌላም ብዙ ቋንቋ ይሰማል። ከእኛ ደጃፍ ደግሞ አማርኛ ይሰማል።

ቤታችን ውስጥ አምስት ነን። ባለቤቴ ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ሴቷ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ ጓደኛ ትወዳለች፣ ቤቱ ሁሌም ቢሞላ ደስ ይላታል። ወንዱ ገና 4 ዓመቱ ነው፤ እሱ አንድ ጓደኛ ይበቃዋል፣ ሰው ሲበዛ ጠረጴዛ ሥር ይገባል።

ትንሹ ትምህርት ቤት አልጀመረም። እዚህ አገር አብዛኞቹ ልጆች 4 ዓመት ሲሞላቸው ይጀምራሉ፤ ግዴታው የሚመጣው ግን ከ5 በኋላ ነው። እኛ ይህችን አንድ ዓመት ለእሱ ሰጠነው። ጆን ሆልት የተባለ አሜሪካዊ መምህር በ1970ዎቹ «አንስኩሊንግ» ያለው አካሄድ አለ፤ ልጅ ያለ ክፍልና ያለ ፈተና፣ የሚያጓጓውን እየተከተለ ከኑሮ ይማር የሚል ነው። በአሜሪካ እንዲህ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። በኔዘርላንድስ ግን በሩ ጠባብ ነው። በ1969 የወጣው የትምህርት ግዴታ ሕግ እንደሚለው፣ ልጅ 5 ዓመት ከሞላው በኋላ ካለው ወር የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት መሄድ አለበት። በአካባቢያቸው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ሁሉ በሃይማኖታቸው ወይም በሕይወት አመለካከታቸው ምክንያት የማይቀበሉ ወላጆች ከግዴታው ነጻ ሊሆኑ ይችላሉ። «ልጄ በነጻነት ቢማር እወዳለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ልጄ በማርች 5 ዓመት ይሞላዋል። ስለዚህ ያለን ጊዜ እስከ አፕሪል 1 ብቻ ነው።

ጠዋት የእሱ ነው። አባቱ ሲተኛ እኛ እንወጣለን። የሚወደው ቦታ የማስ ዋሻ ነው። በ1942 የተከፈተው ይህ ዋሻ ከወንዙ ሥር ያልፋል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የየራሳቸው መንገድ አላቸው፣ የብስክሌቱ ከላይ፣ የእግረኛው ከታች። ወደ ታች የሚወስደው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ሲሄድ ይንቋቋል። ልጄ ደረጃውን በአማርኛ ይቆጥራል። «ውኃው ለምን አይገባም?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን አብረን እንፈልጋለን።

ረቡዕ ከሰዓት ግን የእህቱ ነው። በኔዘርላንድስ ብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ረቡዕ ቀትር ላይ ይለቃሉ። ያን ጊዜ ልጆች ይጠራራሉ፤ የሚጠራሩት ግን በቀጠሮ ነው። እዚህ «አፍስፕሬከን» ይሉታል። ወላጆች የት፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ማን ይወስዳቸዋል ብለው ይነጋገራሉ። እራት በጊዜ ስለሚበላ፣ በደች ሰዓት 6 ሳይሆን፣ ማለት በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት፣ እንግዳው ልጅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እናቴ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። «ልጅ በቀጠሮ ይጫወታል እንዴ? ሳይበላስ እንዴት ይሄዳል?»

እሷ ያሳደገችኝ በአዲስ አበባ፣ ደጅ ላይ ቆሞ ስም መጥራት በሚበቃበት ሰፈር ነው። መጫወት የፈለገ ይወጣል፣ የደከመው ይገባል፤ ማንም አይጠይቀውም። ሰፈሩ ራሱ የሁሉንም ፍላጎት ያመጣጥን ነበር። በፎቅ ቤት ውስጥ ግን አንዱ ሲጮህ ሌላው ይነቃል፣ አንዱ ሲደሰት ሌላው ይደበቃል። ስለዚህ ሰፈሩ ያደርግ የነበረውን እኛ በንግግር እናደርጋለን። ማክሰኞ ማታ እራት ላይ እያንዳንዱ ሰው ለነገ የሚያስፈልገውን አንድ ነገር ይናገራል፤ ትንሹም ጭምር። ባለቤቴ፦ እንቅልፍ። ልጄ፦ ሦስት ጓደኞች። ወንድሟ፦ «ማንም መኪናዬን አይንካ»። እናቴ፦ አማርኛ የሚሰማ ጆሮ። እኔ፦ ትኩስ እያለ የምጠጣው አንድ ስኒ ቡና።

ብዙ ጊዜ መፍትሔው ደጅ ነው። የደች የእግረኛ መንገድ በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር የኮንክሪት ንጣፍ የተሠራ ነው፤ ለሰኞ ማክሰኞ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ደቾች ጨዋታውን «ሂንከለን» ይሉታል፣ ቁጥር ይጽፉበታል። እናቴ ወንበሯን ደጃፍ ላይ አውጥታ ትቀመጣለች፤ በቁጥሩ ፈንታ የቀኖቹን ስም ታስጠራቸዋለች። የጎረቤት ልጆች በአንድ እግራቸው እየዘለሉ «ረቡዕ! ሐሙስ!» ይላሉ። ትንሹ ልጄ ጠጠር ያቀብላል፤ ሲበቃው ከአያቱ ጎን ይቀመጣል። ባለቤቴም ይተኛል። ልጆቹ ከሦስት ሲበዙ ደግሞ ዞይደርፓርክ ወደሚባለው ትልቅ መናፈሻ እንሄዳለን፤ እዚያ ለአባሮሽም ለድብብቆሽም ቦታ ሞልቷል።

ከመናፈሻው በስተደቡብ ፔንድሬኽት አለ፤ እሱም የሻርሎይስ ክፍል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነደፈችው ሎተ ስታም-ቤዘ የተባለች አርክቴክት ናት። ለትልቅ ቤተሰብ፣ ለባልና ሚስት፣ ለሽማግሌዎች የሚሆኑ የተለያዩ ቤቶችን በአንድ የጋራ ሣር ዙሪያ አሰባሰበች፤ ይህንኑም ደጋግማ ሠራችው። በአምስተርዳምም አልዶ ፋን አይክ ከ1947 ጀምሮ በየሰፈሩ ባዶ ቦታዎች ላይ ከ700 በላይ የልጆች መጫወቻዎችን ነደፈ። ሁለቱም የተረዱት አንድ ነገር ይመስለኛል፤ የተለያየ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች አብረው እንዲኖሩ፣ መገናኛም መለያያም ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

ከአፕሪል በኋላ የጠዋቱ ጉዞ ይቀንሳል። ሕጉ ግን አንድ ትንሽ ቀዳዳ ትቷል፤ 5 ዓመት የሆነው ልጅ 6 እስኪሞላው ድረስ፣ ወላጅ ለርእሰ መምህሩ አሳውቆ፣ በሳምንት እስከ 5 ሰዓት ቤት መቆየት ይችላል። ትንሹ ሲደክመው በዚያ እንጠቀማለን። የማክሰኞ ማታው ጥያቄ ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ እሱ ይቀጥላል።

እናንተም በዚህ ሳምንት እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም አያታችሁን «በልጅነታችሁ ምን ትጫወቱ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጠመኔ ይዛችሁ አብራችሁ ውጡ።