ጥቁር ሰሌዳና የምስማር ሰሌዳ

የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ 31 ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜአለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ተመሰገንሁበት ሥራ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያነቃኝ ምስጋናው ሳይሆን አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ነውና ስለ እርሱ እጽፋለሁ።

ያስተማርሁበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጥብቅነቱ የታወቀ ነበር። ተማሪ የሚገባው ተፈትኖ ነው፤ ከገባም በኋላ በዓመቱ መጨረሻ ከዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች በአንዱ እንኳ አማካዩ ከ60 በታች የሆነ እንደ ሆነ መድገም ሳይፈቀድለት ይሰናበታል። እኛም አስተማሪዎቹ በዚህ ሥርዓት እንኮራ ነበር። እኔ በተለይ ፈጣን ነበርሁ፤ ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ በቀኝ እጄ እየጻፍሁ በግራ እጄ የማጥፋት ልማድ ነበረኝ፤ ይህም ልማድ ታላቅ ችሎታ ይመስለኝ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. መስከረም ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ በ9ኛ ክፍል ተመዘገበ። ዓይኑ በሕፃንነቱ በኩፍኝ ምክንያት ጠፍቶአል። አስቀድሞ በዜማ ቤት ተቀምጦ ጾመ ድጓን በቃሉ ሲቀጽል ቆይቶ፣ ኋላ በጎ አድራጊዎች ለዓይነ ስውራን በተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡትና ብሬል የሚባለውን በጣት የሚዳሰስ ጽሕፈት ተማረ። የእኛንም የመግቢያ ፈተና ጥያቄው እየተነበበለት አለፈ። ሌሎቹ ተማሪዎች «ቲቸር» ሲሉኝ እርሱ ብቻ በቀድሞ ልማዱ «የኔታ» ይለኝ ነበር።

በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዚያ የዓይን ጕድለት ትምህርትን የሚከለክል አይደለም። ቀለሙ ከመምህሩ አፍ ወጥቶ በተማሪው ጆሮ ይገባል፤ ጓደኛ ለጓደኛ ያስቀጽላል፤ ሌሊት መብራት በሌለበት ጎጆ ውስጥማ ዓይን ያለውም የሌለውም እኩል ነው። ስለዚህም በአገራችን ዓይነ ስውራን የሆኑ የዜማና የቅኔ መምህራን መገኘታቸው ማንንም አያስደንቅም። ከዚህም አስቀድሞ በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያውን ትምህርት ቤት የመራው ዲዲሞስ ገና በሕፃንነቱ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበር፤ ፊደልንም በእንጨት ላይ ተቀርጾለት በጣቱ እየዳሰሰ ተማረ ይባላል። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ዕውቀቴ ግን ከክፍሉ ደጃፍ አልፎ ወደ ጥቁሩ ሰሌዳ አልገባም።

በሁለተኛው ሳምንት እኩልዮሽ ሳስተምር «ከዚህ ላይ ይህን ስንቀንስ ይህ ይቀራል» ብዬ ዞር ብል ልጁ እጁን አንሥቶ አገኘሁት።

«የኔታ፣ ይህ የተባለው ማን ነው?» አለኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ያፌዘብኝ መስሎኝ «ጓደኛህ ይነግርሃል» ብዬ ወደ ሰሌዳዬ ተመለስሁ። ጓደኛው ግን ራሱ ከእኔ ፍጥነት ጋራ ሲታገል እንዴት አድርጎ ይነግረዋል?

በጥቅምት ወር በአስተማሪዎች ስብሰባ ላይ ልጁ ሒሳብ ባይማር ይሻላል፣ ውጤቱም ከሌሎቹ ትምህርቶች ይያዝለት ብዬ አሳብ አቀረብሁ። አሳቡም ርኅራኄ ነው ተብሎ ተመሰገነ፤ ይሁን እንጂ ውሳኔው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ወሬው በማን በኩል እንደ ደረሰው አላውቅም፤ በማግሥቱ ልጁ በበትሩ መንገዱን እየፈለገ መጥቶ በአስተማሪዎች ክፍል ደጃፍ ቆሞ ጠበቀኝ። «የኔታ፣ ተምሮ አላወቀም ብለው ይጣሉኝ፤ ሳያስተምሩኝ ግን አይችልም አይበሉኝ» አለ። ድምፁ የቍጣ አልነበረም፤ ቢቈጣ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። አሳቤን አነሣሁ፤ ትምህርት አሰጣጤን ግን ገና አልለወጥሁም።

የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና በጥር መጣ። ጥያቄውን አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አነበበለት፤ ጊዜው ግን እንደ ሌሎቹ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር። 31 አገኘ። ይህን ቍጥር በመዝገብ ላይ ስጽፍ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፍርዴ ትክክል ሆኖ የተገኘ መስሎኝ ልቤ ዐረፈ።

ከጥቂት ቀን በኋላ መልሱን ያነበበልኝ ብሬል ዐዋቂ ወረቀቶቹን ሲመልስልኝ «ይህ ልጅ እኮ አልተሳሳተም፤ አልጨረሰም እንጂ» አለኝ። እንደ ገና አስነበብሁት። ጥያቄዎቹ 20 ነበሩ፤ ልጁ የመጀመሪያዎቹን 6 ያለ እንከን ሠርቶ በሰባተኛው መጀመሪያ ላይ ሳለ ሰዓቱ አልቆበታል። የቀሩት 13 ከቶ አልተነኩም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ላስረዳ። ብሬል መሠረቱ ስድስት ነጥብ ነው፤ እነዚህም በልዩ ልዩ አኳኋን ሲጣመሩ 63 ምልክት ይሰጣሉ። ይህን ያወጣው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል እርሱም ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ሥራውን በመጽሐፍ ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1829 ነው። የእኛ ፊደል በዚህ ሲጻፍ ተነባቢውና አናባቢው ይለያያሉና «ሉ» የምትባለው አንዲት ፊደል ሁለት ምልክት ትሆናለች። ተማሪው ወረቀቱን ስሌት በሚባለው ባለ መስኮት መያዣ መካከል አግብቶ፣ ስታይለስ በሚባለው ወስፌ መሳይ መሣሪያ ነጥቡን ከጀርባ ስለሚወጋ፣ የሚጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ሊያነበው ሲሻ ግን ወረቀቱን አውጥቶ ይገለብጠዋል። እንግዲህ እኔ አንድ እኩልዮሽ ስሠራ ዓይኔን ወደ ላይኛው መስመር ወርወር አድርጌ እመልሳለሁ። እርሱ ግን ያንኑ መስመር ለማግኘት ወረቀቱን መንቀል፣ መገልበጥ፣ በጣቱ መፈለግ፣ ደግሞም በስፍራው መመለስ ነበረበት። ይህ እንዳይሆን ብሎ አራትና አምስት መስመር በቃሉ ይሸከም ነበር፤ ይህንንም ያስቻለው የዜማ ቤት ነው። እኔ በጥር ወር የመዘንሁት እንግዲህ የወስፌውን ፍጥነት ነበር።

ከዚህ በኋላ መጻሕፍት መመልከት ጀመርሁ። ኒኮላስ ሳንደርሰን የሚባል እንግሊዛዊ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው በፈንጣጣ ዓይኑ ጠፍቶ ሳለ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1711 ቀድሞ ኒውተን በተቀመጠበት የካምብሪጅ የሒሳብ ወንበር ተሾመ፤ የሚያሰላውም ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ላይ መርፌ እየሰካ ነበር። ሌቭ ፖንትርያጊን የሚባለው የሩስያ የሒሳብ ሊቅ ደግሞ በ14 ዓመቱ ዓይኑ በጠፋ ጊዜ፣ ሒሳብ ያልተማረች እናቱ መጻሕፍቱን ታነብለት ነበር፤ የምልክቶቹንም ስም ስለማታውቅ እንደ መልካቸው «ጅራቱ ወደ ላይ»፣ «ጅራቱ ወደ ታች» እያለች ትነግረው ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ አፈርሁ። ያች ሴት የምልክቱን ስም ሳታውቅ ለልጅዋ ነገረችው፤ እኔ ስሙን እያወቅሁ «ይህ» አልሁት።

ለሰፈራችን አናጢ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ሳንቃ አሠርቼ በየሁለት ጣቱ ርቀት ምስማር አስመታሁበት። በምስማሮቹ ላይ ሲባጎ በተወጠረ ጊዜ ሦስት ማዕዘኑም ግራፉም በጣት የሚዳሰስ ሆነ። በክፍልም የምጽፈውን ሁሉ በስሙ እየጠራሁ መጻፍ ጀመርሁ፤ ስለዚህም ፍጥነቴ ቀነሰ። ዓይናቸው ደኅና ሆኖ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች መጠየቅ የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው። ለካ ለእነርሱም «ይህ» ማን እንደ ሆነ አይታወቅም ኖሮአል።

ስለ ተጨማሪ ጊዜ ግን ከባልደረቦቼ ጋራ ተከራከርሁ። በዚያው ዓመት ፖሊዮ እግሩን የያዘው ሌላ ተማሪ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይማር ስለ ነበር ክፍሉ በአንድ ቀን ወደ ምድር ቤት ወረደለት፤ ድካሙ በዓይን ይታያልና ማንም አልተቃወመም። ለዓይነ ስውሩ ግን አንድ ሰዓት መጨመር ማዳላት ተባለ። አንድ ባልደረባዬ «እጁ ለሚዘገይ ለሌላው ተማሪስ ስለምን አትጨምርለትም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የክፋት አልነበረም፤ እስከ ዛሬም ፍጹም መልስ አላገኘሁለትም። የመለስሁለት ይህን ብቻ ነው፦ ጥያቄውን ማቅለል ልጁን መናቅ ነው፣ እኔም በጥቅምት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ጊዜውን ማስፋት ግን ያንኑ ከባድ ጥያቄ እንዲሠራ ማድረግ ነው። በመጨረሻም ተፈቀደ።

በሰኔ ፈተና 82 አገኘ። የጥሩ 31 ሲደመርበት አማካዩ 56 ከግማሽ ሆነ። የጥሩ ፈተና እንደ ገና ይታይለት ብዬ በጽሑፍ አመለከትሁ፤ «በመዝገብ የገባ ቍጥር አይፋቅም» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ቍጥሩን ያገባሁት ደግሞ እኔ በገዛ እጄ ነበርሁ። ልጁ ተሰናበተ።

ዛሬ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አለ፤ አገራችንም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። 24ኛው አንቀጽ ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደሚያስፈልገው ተመጣጣኝ ማመቻቸት ይደረግለት ይላል። ለዚያ ልጅ ስድስት ዓመት ዘገየ።

ሲሄድ የምስማር ሰሌዳውን ሰጠሁት። ከብዙ ዓመት በኋላ በሰው እጅ አጽፎ ደብዳቤ ላከልኝ። በሌላ ትምህርት ቤት ጨርሶ፣ ዛሬ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ አስተማሪ ሆኖአል። ዓይነ ስውራን የሆኑ ሁለት ተማሪዎች ስላሉት እንደ ቀድሞው ያሉ ሁለት ሰሌዳዎች አሠርቼ እንድልክለት ለመነኝ። በደብዳቤው ግርጌ እንዲህ የሚል ተጨምሮበት ነበር፦ «የኔታ፣ አደራ፣ ያሁኖቹ የምስማር ራስ በሞረድ ይለስልስ። የቀድሞው ጣት ያደማል።»

ያን መንፈቅ ሁሉ በየቀኑ በአጠገቡ ቆሜ ሳስዳስሰው አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም ነበር።