ፊልም ሠሪን የሚያቆሙ ቤቶች
የዋሽንግተን ዲሲ የጉዞ ማስታወሻ

ዋሽንግተን ዲሲ የገባ ሐበሻ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ዩ ስትሪት ወይም ወደ ዘጠነኛው ጎዳና ነው። ክትፎውም፣ ቡናውም፣ የጠፋ ዘመድም የሚገኘው እዚያ ነው። እኔ ግን ከአዲስ አበባ ስነሣ ሌላ አድራሻ ይዤ ነበር፤ ጆርጂያ አቬኑ፣ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ሳንኮፋ። በአገሬ ከወጣት ፊልም ሠሪዎች ጋር በተቀመጥሁ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ስፖንሰር የሌለው፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያ ጋር ያልተዋዋለ፣ በግሉ የሚሠራ ሰው ፊልም ሠርቶ፣ አሳይቶ፣ ሁለተኛውን ለመሥራት የሚተርፈው እንዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ አንድ የጎንደር ሰው በዚህች ከተማ መልስ እንደሠሩለት ስለማውቅ በዐይኔ ላየው ፈለግሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳንኮፋ ከውጭ ሲያዩት መጻሕፍት መደብር ነው። መደርደሪያዎቹ ስለ አፍሪካና ስለ ጥቁር ሕዝብ በተጻፉ መጻሕፍት ተሞልተዋል፤ ፊልሞች ይሸጡበታል፤ ካፌም አለው። የካፌው ሳንድዊቾች የተሰየሙት በጥቁር ፊልም ሠሪዎች ስም ነው። የሐዋርድ ተማሪ ምሳውን ሲያዝ የአንድ ዳይሬክተር ስም ይጠራል፤ ማን እንደሆነ ካላወቀም መልሱ እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ። ማታ ማታ መጽሐፍ ይመረቃል፣ ፊልም ይታያል፣ ክርክር ይነሣል። የቤቱ ባለቤቶች ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማና ባለቤታቸው፣ ፊልም ሠሪዋ ሺሪኪያና አይና ናቸው።

ፕሮፌሰር ኃይሌ በ1946 ጎንደር ተወልደው በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ቺካጎ ቲያትር፣ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ዩሲኤልኤ ፊልም ተማሩ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጥቁር ተማሪዎች፣ ቻርለስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ቢሊ ዉድቤሪና ሌሎችም፣ በኋላ «የኤልኤ አመፅ» የሚል ስም የወጣለት ትውልድ ሆኑ። ከዚያ ትውልድ የምወደው አሠራሩን ነው፤ አንዱ ለሌላው ካሜራ ይይዛል፤ ዛሬ ዳይሬክተር የሆነው ነገ የጓደኛው ካሜራ ማን ነው። የኃይሌን «ቡሽ ማማ» ከቀረጹት አንዱ በርኔት ነበር። ይኸው በርኔት ለዉድቤሪ ስክሪፕት ጽፎለታል፤ ካሜራውንም ይዞለታል። በተማሪ አቅም የተሠራው «ቡሽ ማማ» በ2022 በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ያንን ፊልም ያቆመው የባልንጀራ እጅ ነው።

ፕሮፌሰሩ ከ1975 ጀምሮ ሐዋርድ አስተማሩ። በ1993 ስለ ባርነት የሠሩት «ሳንኮፋ» በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ፤ የአሜሪካ አከፋፋዮች ግን አልወሰዱትም። ባልና ሚስቱ ፊልሙን መሳቢያ ውስጥ አልቆለፉበትም። እዚሁ ዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራዩ፤ የአካባቢው ጥቁር ማኅበረሰብ ወሬውን አዛመተ፤ ሰው ተሰለፈ፤ ፊልሙ ለሳምንታት ቆየ። ከዚያ በየከተማው የአካባቢ ኮሚቴ እየተቋቋመ፣ አዳራሽ እየተከራየ፣ ቲኬት እየሸጠ ፊልሙን ተቀበለው። ከዚያ በተገኘው ገንዘብ በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህ ቤት ተከፈተ። በ2021 የፊልም ሠሪዋ የአቫ ዱቬርኔ ድርጅት «ሳንኮፋ»ን በኔትፍሊክስ ሲያቀርበው ፊልሙ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ፊልሙን እስከዚያ ቀን በሕይወት ያቆዩት እነዚያ ቲኬት የሸጡ ኮሚቴዎችና ይህ መደብር ናቸው።

የአማርኛ ፊልም ይዘው ወደ ዲሲ የሚመጡ የአገራችን ፕሮዲዩሰሮችም ዛሬ የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። አዳራሽ ይከራያሉ፤ ፖስተር በሐበሻ ምግብ ቤቶችና በባልትና መደብሮች ይለጥፋሉ፤ ለአንድ ምሽት አሳይተው ወደ ቀጣዩ ከተማ ያልፋሉ። ልዩነቱ ከምሽቱ በኋላ የሚቀር ቤት አለመኖሩ ነው።

ቤት ማቆየትም ትግል አለው። አካባቢው እየተወደደ ሲሄድ የንብረት ግብሩ መደብሩን ሊያስዘጋ ደረሰ። ደንበኞችና ጎረቤቶች ወጥተው ጮኹ፤ በ2019 የከተማዋ ምክር ቤት የ10 ዓመት የግብር እፎይታ አጸደቀ። አንድ የባህል ቤት ለከተማ የሚያስገኘው ጥቅም ከሚከፍለው ግብር እንደሚበልጥ ሕዝብ ሲመሰክር ምክር ቤት ይሰማል።

ከጆርጂያ አቬኑ ወደ መሐል ከተማ ወርጄ ወደ ማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። ይህ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከረጅም እድሳት በኋላ በ2020 የተከፈተው ከመጽሐፍ ሌላ የሚያውሰው ብዙ ነገር ይዞ ነው። የድምፅ መቅጃ ስቱዲዮ አለው። የድሮ ቪኤችኤስ ካሴትና የቤት ውስጥ ፊልም ወደ ዲጂታል የሚገለበጥበት «የትዝታ ላብ» የሚሉት ክፍልም አለው። ነዋሪው ቀጠሮ ይይዛል፤ መሣሪያውን ራሱ ያንቀሳቅሳል፤ ክፍያ የለውም።

እዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት የእኛ ልጅ አገኘሁ። ሌሊት ሆስፒታል ትሠራለች፤ ቀን ስለ ወላጆቿ ስደት ዘጋቢ ፊልም ትሠራለች። ከፊቷ ባለው ስክሪን ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች እየዘለሉ ይጨፍራሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ የእናቴና የአባቴ ሰርግ ነው» አለችኝ። «ካሴቱ ከሳጥን ሳይወጣ ሻግቶ ሊያልቅ ነበር።»

ካሜራ ከየት እንዳመጣች ጠየቅኋት።

«መጀመሪያ ካሜራ ልግዛ ብዬ ብር ሳጠራቅም ነበር። አንድ ጓደኛዬ ‹ተይው፣ መጀመሪያ ሥልጠናውን ውሰጂ፣ ካሜራውን ያውሱሻል› አለችኝ። እውነቷን ነው።»

ካሜራውን ያዋሳት በሰሜን ምሥራቅ ዲሲ፣ ብሩክላንድ በሚባለው ሰፈር፣ ብሩክስ ማንሽን በተሰኘ አሮጌ ቤት ውስጥ ያለው የሕዝብ ቴሌቪዥን ነው፤ ዲሲቲቪ ይባላል። የከተማዋ ነዋሪ አባል ይሆናል፤ የካሜራ፣ የላይትና የኤዲቲንግ ሥልጠና ይወስዳል፤ ሠልጥኖ ሲያበቃ መሣሪያና ስቱዲዮ ይጠቀማል። በምላሹ የሠራው ፕሮግራም በጣቢያው ይተላለፋል።

ይህ ቤት የበጎ አድራጊ ችሮታ አይደለም፤ መሠረቱ ሕግ ነው። የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያዎች ገመዳቸውን የሚዘረጉት በሕዝብ መንገድ ሥርና ላይ ነው። በ1984 የወጣው የአሜሪካ የኬብል ሕግ ከተሞች ከእነዚህ ኩባንያዎች የኬብል ገቢ እስከ 5 በመቶ እንዲያስከፍሉና ለሕዝብ፣ ለትምህርትና ለመንግሥት የሚሆኑ ጣቢያዎችን እንዲጠይቁ ፈቀደ። በሕዝብ መንገድ የተጠቀመ ለሕዝብ ድምፅ ይክፈል ማለት ነው። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በአርሊንግተን፣ ቨርጂንያም ጎረቤትን ፊልም ለማስተማር ተመሳሳይ የማኅበረሰብ ሚዲያ ተቋቁሟል። ሌሊት ስትሠራ አድራ ካሜራ የምትዋስ የስደተኛ ልጅ ዕድሏን ያገኘችው ከአርባ ዓመት በፊት ከተጻፈ አንድ አንቀጽ ነው።

ልጅቱ ፊልሟ ሳያልቅ ለተመልካች የምታሳይበት ምሽት ላይ እንድገኝ ጋበዘችኝ፤ ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። ጆርጂያ አቬኑ ራሱ ድንበር ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲገባ የሚያደርሰው እዚያ ነው። የእንጀራ ቤቱ፣ የሐበሻ ጸጉር ቤቱና የሒሳብ ሠራተኛው ቢሮ በአማርኛ ፊደል ተጽፎባቸው ግራና ቀኝ ይታያሉ። በመሐሉ የ1938ቱ ሲልቨር ቲያትር አለ። ተዘግቶ ለዓመታት የቆየው ይህ ሲኒማ በካውንቲው ገንዘብ ታድሶ በ2003 የአሜሪካ ፊልም ተቋም ቤት ሆኖ ተከፈተ። በየዓመቱ አዳዲስ የአፍሪካ ፊልሞች የሚታዩበት ፌስቲቫል ያስተናግዳል።

በዚህ አካባቢ ያላለቁ ዘጋቢ ፊልሞችን ለሕዝብ የማሳየትን ልማድ ያጠነከረው በ2004 የተመሠረተው ዶክስ ኢን ፕሮግረስ የተባለ ድርጅት ነው። ኮርሶችንም ሲሰጥ ቆይቷል። በተጋበዝሁበት ምሽት የተከተሉት ሥርዓት ቀላል ነው። ፊልሙ ይታያል፤ መብራት ይበራል፤ አወያዩ ተመልካቹን በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ወደዳችሁት?» ብሎ አይደለም፤ «ምን ተረዳችሁ?» ብሎ ነው። ዳይሬክተሯ መልስ አትሰጥም፤ ትሰማለች፣ ትጽፋለች።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ሙሽራው ሲያረጅ በጣም ተለወጠ» አሉ። ሌሎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቱ ደነገጠች፤ ሁሉም ሙሽራው ነው ብለው ያዩት ሰው ሚዜው ነበር። አባቷን ከልጅነቷ ጀምራ ስታየው ስላደገች፣ ለማያውቀው ሰው ማስተዋወቅ እንዳለባት አላሰበችም። ያ ስሕተት በምረቃ ቀን ቢገኝ የአንድ ፊልም ውርደት ይሆን ነበር፤ በዚያ ክፍል ግን በማስታወሻ ደብተር ላይ የሰፈረ አንድ መስመር ሆኖ ቀረ። ከክፍሉ ስንወጣ አንድ የድምፅ ባለሙያ አድራሻውን ሰጣት፤ ሌላው ለዘፈኑ ፈቃድ የሚጠየቅበትን መንገድ ነገራት።

ገንዘብን በተመለከተ የተማርሁት አንድ አሠራር ለእኛ ይጠቅማል። በአሜሪካ ሕግ ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠ ሰው ከግብር ቅናሽ ያገኛል፤ ለአንድ ግለሰብ ፊልም ሠሪ የሰጠ ግን አያገኝም። ስለዚህ የታወቀ ማኅበር ለፊልም ሠሪው ጥላ ይሆንለታል፤ እርዳታው በማኅበሩ ስም ይገባል፤ ማኅበሩ ሒሳቡን ይቆጣጠራል፤ ለአገልግሎቱ ጥቂት በመቶ ይወስዳል፤ ቀሪው ለፊልሙ ይውላል። በ1979 የተመሠረተው የዋሽንግተን የሴቶች የፊልምና ቪዲዮ ማኅበር ይህን ከሚያደርጉት አንዱ ነው። ለጋሹ ይተማመናል፤ ፊልም ሠሪውም ገና ሳይጀምር ድርጅት ለማቋቋም አይንከራተትም።

ሁሉም ነገር የተመቻቸ ነው አልልም። ሰው ኬብሉን እየተወ በኢንተርኔት ማየት ሲጀምር ለሕዝብ ቴሌቪዥኖች የሚገባው ገንዘብ እየቀነሰ ነው። የቤት ኪራይ አርቲስቶችን ከከተማው እየገፋ ነው። ልጅቱም ፊልሟን የምትሠራው ከእንቅልፏ ሰርቃ ነው። ነገር ግን ስትወድቅ የሚቀበላት ወለል አለ፤ የምትማርበት፣ የምትዋስበት፣ ያላለቀውን የምታሳይበት፣ ያለቀውን የምታስቀምጥበት ቤት። ችሎታ በየትም አገር ይወለዳል፤ ችሎታን የሚያቆየው እንዲህ ያለ ቤት ነው።

እኛ ችሎታ አላጣንም። ዘረሰናይ ብርሃነ «ድፍረት»ን ይዞ በ2014 ሰንዳንስ የተመልካች ሽልማት ወስዷል። ያሬድ ዘለቀ በ2015 «ላምብ»ን ካን አድርሷል። ፕሮፌሰር ኃይሌ በ«ጤዛ» በ2009 የኡጋዱጉን ፌስፓኮ ታላቅ ሽልማት ወስደዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊልምን በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል። አዲስ አበባ ውስጥ የወጣት ማዕከላት አሉ፤ የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት በሩን ከፍቷል፤ ወመዘክር የአገር መዝገብ ይጠብቃል። የጎደለው ሕንፃ አይደለም፤ ሕንፃውን ለዚህ ሥራ የሚመድብ ውሳኔ ነው።

ስለዚህ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ የወጣት ማዕከል በወር አንድ ምሽት አዳራሹን ላላለቁ ፊልሞች ይስጥ፤ አወያዩ «ምን ተረዳችሁ?» ብሎ ይጀምር። የፊልም ሠሪዎች ማኅበራት ጥቂት ካሜራና ማይክ ገዝተው ሥልጠና ለወሰደ አባል ያውሱ። ቤተ መጻሕፍቶቻችን የሰርግና የልደት ካሴቶች የሚገለበጡበት አንድ ክፍል ይክፈቱ፤ በእነዚያ ካሴቶች ውስጥ ያለው የአገር ታሪክ በየቤቱ እየሻገተ ነው። ፕሮዲዩሰሮች ፊልማቸው ከሲኒማ ቤት ሲወርድ አንድ ጥሩ ቅጂ ለወመዘክር ያስረክቡ። በዲሲ የምትኖሩ ወገኖቼ ደግሞ፣ የአገራችሁ ፊልም ሲመጣ ቲኬት ግዙ፤ ከፊልሙ በኋላም ለውይይት ቆዩ። ሳንኮፋን ያቆመው በዚያ ዘመን አንድ ቲኬት የገዛው ሰው ነው፤ ቀጣዩን ቤት የምታቆሙት እናንተ ናችሁ።