ነቀምቴ ስንት ሞተ አሉ?

እኔ ነቀምቴ ደርሼ መጣሁ። 330 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ! ወገቤን አትጠይቁኝ።

አምቦንና ጉደርን አልፈን፣ ከጌዶ ወደ ባኮ ቁልቁለቱን ስንያያዘው ረዳቱ በመስኮት እየጠቆመ «እዚህች ጋ ነው አይሱዙው የተገለበጠው» አለ። ስንት ሰው ሞተ? አንዷ አራት አለች፣ ከኋላ ያለው ሰባት፣ ሹፌራችን ደግሞ «ኧረ ማንም አልሞተም!»። ጋዜጣ ላይ ወጥቶ እንደሆነ ብጠይቅ አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀብኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት ጡረተኛ መምህር ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ፖሊስና እርምጃው የሚባል ጋዜጣ ነበር» አሉኝ። የፖሊስ ጋዜጣ ነው። ሌባውም ነፍሰ ገዳዩም እሱ ላይ ይወጣል፣ ሰው ይሻማበታል። ስሙን ልብ በሉልኝማ! ወንጀሉ ገና ሳይነገር እርምጃው ተወስዷል።

በደርግ ጊዜ ጋዜጣውም፣ ሬዲዮኑም፣ ቴሌቪዥኑም የመንግሥት ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲፋፋም ያቺው «እርምጃ» የምትባል ቃል ሌላ ሥራ ያዘች። «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ይባላል፤ ገዳዩም ዜና ነጋሪውም አንድ! «መንገድ ላይ ተጥሎ ያደረው ልጅ ወንጀለኛ ተባለ» ብለው መምህሩ ዝም አሉ። የገዛ ወንድማቸው እንደሆነ የነገሩኝ ባኮ ምሳ ስንበላ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ እርምጃ ተብሎም አልተነገረ። ነቀምቴ ያገለገሉት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወሰዱ። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ያን ሁሉ ዓመት ቤተሰብ በወሬ!

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወጥቶ ሳንሱር ሲቀር የግል ጋዜጦች ወንጀሉን በትልልቅ ፊደል ይዘውት ብቅ አሉ። «እናንተ ደግሞ አበዛችሁት» አሉኝ። እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር!

እኔም የራሴን ነገርኳቸው። አክስቴ የምትኖረው ከነቀምቴ ወጣ ብላ፣ ጉቶ ጊዳ ገጠር ነው። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 22 ድረስ ምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት ሲዘጋ ከዋና ዋና ከተሞች ውጭ ስልክም ጠፋ። ሦስት ወር ሙሉ ጋዜጣ እየገለጥኩ የአደጋ ዜና ስፈልግ ከረምኩ። ሳጣ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ይጨንቀኛል። በመጨረሻ «ደህና ናት» ብሎ ያሳረፈኝ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው።

ደረስኩላችሁ። አክስቴ ገና ሳልቀመጥ «መንገዱ ሰላም ነው?» አለችኝ። የአይሱዙውን ነገርኳት።

«ስንት ሞተ አሉ?»

«አራትም፣ ሰባትም አሉ። ማንም አልሞተም ያለም አለ።»

ጀበናውን አስቀመጠችው። «ነጭ ነው ወይ መኪናው?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የጎረቤታችን ልጅ ከሄደ ሳምንቱ ነው። ስልኩም አይነሳም።»